ዘውዱ የት ገባ? የትምህርት ቤት ሙዚቃዊ ድራማ ቡድን እንዴት ይዋቀራል

አንድ ጊዜ በትምህርት ቤታችን ድራማ ላይ አፄ ባካፋን ያለ ዘውድ አነገሥናቸው። ዘውዱ ነበረ። ከካርቶንና ከወርቃማ ወረቀት ተሠርቶ፣ ሳምንት ሙሉ ተለፍቶበት፣ ስቶር ተቀምጧል። የስቶሩ ቁልፍ ያለው ንብረት ክፍል ጋ ነው። የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ደግሞ ያን ቀን ለቅሶ ሄደዋል። አዳራሹ ጢም ብሏል፣ ክራሩ ጀምሯል፣ ልጁ ዙፋኑ ፊት ቆሟል። በመጨረሻ አንዷ ተማሪ ነጠላዋን አውልቃ እንደ ሻሽ ጠመጠመችለት። ተመልካቹ የታሰበበት መስሎት አጨበጨበ። እኛ ከመጋረጃው ጀርባ ላብ በላብ ሆነናል።

ከዚያ ወዲህ ሙዚቃዊ ድራማ ይዘጋጅ ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ይዘፍናል?» ብዬ ሳይሆን «ቁልፉን ማን ይይዛል?» ብዬ ነው። ጎንደር ላይ ተዋናይ አይጠፋም። እስክስታ የማይመታ፣ ግጥም የማይሞክር ልጅ ፈልጎ ማግኘት ነው የሚከብደው። የሚጠፋው ሳይታይ የሚሠራ ሰው ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለክበብ ተጠሪ መምህራንና «ትወና አልችልም ግን መግባት እፈልጋለሁ» ለሚሉ ተማሪዎች ነው።

መጀመሪያ ቀን ቁረጡ

ሰው ከመመደባችሁ በፊት ቀኑ ይታወቅ። እኛ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥር አይሆንም፤ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አለ፣ ጥር 11 ሲደርስ ደግሞ ከተማው ሁሉ የጥምቀት ነው። ዐቢይ ጾም ላይ እስክስታ ያለበት ድራማ ብታሳዩ ግማሹ ወላጅ ይቀራል፣ የመጣውም ፊቱን አጥቁሮ ይቀመጣል። ቤተ ክርስቲያን ራሷ በጾሙ ከበሮና ጽናጽሉን ታስቀምጣለች። ሰኔ ደግሞ ዝናብ ነው። የብዙ ትምህርት ቤት አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ሲወርድበት አጠገብ የተቀመጠ ሰው እንኳ አይሰማም።

የሚተርፈው ከዳግማይ ትንሣኤ እስከ ግንቦት አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ኅዳር ላይ ቡድኑ ይመሥረት፣ ታኅሣሥ ላይ ድርሰቱ ይለቅ። ከጥምቀት ማግስት እስከ ጾሙ መያዣ ዘፈንና ውዝዋዜው ይጠና። በጾሙ ንግግሩ ይጠና፣ ልብሱና ዲኮሩ ይሠራ። ከፋሲካ በኋላ ይገጣጠም። ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም ካላንደር ሳታዩ ፕሮግራም አታውጡ። የጾመ ልጅን ከሰዓት በኋላ ሲያስጨፍሩ መዋል ግፍ ነው።

12ኛ ክፍሎችን ተዉአቸው። ብሔራዊ ፈተና አለባቸው። ድርሰት በመጻፍ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቢያግዙ ይበቃል። ትምህርት ቤታችሁ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ ደግሞ ዋና ዋናዎቹን ተዋንያን ከአንድ ፈረቃ ምረጡ። ንግሥቲቱ የጠዋት፣ ንጉሡ የከሰዓት ሆነው ከቅዳሜ በቀር የማይገናኙበት ዓመት አይቼ አውቃለሁ።

ደብዳቤውንና አዘጋጁን ያዙ

የክበቡ ተጠሪ መምህር የሥራው ባለቤት ነው። ገንዘቡ፣ ፈቃዱ፣ አዳራሹ የእሱ ጣጣ ነው። ከርዕሰ መምህሩ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በጊዜ ያውጣ። ለወላጅ መምህር ኅብረቱም አስቀድሞ ያስረዳ። ልጆቻቸው ቅዳሜ የት እንደሚውሉ የሚያውቁ ወላጆች በኋላ ሞሰብም ጀበናም ያውሳሉ፤ ያልተነገራቸው ግን ልጃቸውን ከመሃል ይወስዳሉ። ልምምድ 11 ሰዓት ላይ ይብቃ። አዘዞ የሚሄድ ልጅ ሳይመሽ ታክሲ ማግኘት አለበት።

አዘጋጁ፣ በብዙዎቻችን አፍ ዳይሬክተሩ፣ አንድ ሰው ይሁን። አማርኛ መምህሩም የሙዚቃ መምህሯም «እኔም ትንሽ ልበል» ካሉ ልጁ አንዱ በቀኝ ግባ፣ ሌላው በግራ ግባ እያለው መሃል ላይ ይቀራል። ሐሳብ ያለው ሁሉ ለአዘጋጁ በጆሮው ይንገረው። ለተዋናይ የሚናገረው አዘጋጁ ብቻ ነው። ይህን ሕግ በመጀመሪያው ቀን ካልተስማማችሁበት በኋላ አይመጣም።

ታሪክ ከደጃችሁ ፈልጉ

ሩቅ አትሂዱ። እኛ የባካፋንና የምንትዋብን ትውፊት ወሰድን። ባካፋ ከ1721 እስከ 1730 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ የነገሡ ናቸው። ማንነታቸውን ደብቀው አገር ለአገር ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመሙ፣ አንድ ቤት ተጠግተው ተኙ፣ የቤቱ ልጅ አስታመመቻቸው ይባላል። እሷ ናት ምንትዋብ። ባሏ ሞተው ልጇ ኢያሱ ሲነግሥ አብራ ዘውድ ጫነች። የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ያሠራችም እሷ ናት። ለሙዚቃዊ ድራማ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? መደበቅ አለ፣ ሕመም አለ፣ ፍቅር አለ፣ ማወቅ አለ። በዚያ ላይ ተዋንያኑ ቅዳሜ ጠዋት በእግራቸው ቁስቋም ወጥተው ፍርስራሹን አይተው መምጣት ይችላሉ።

ግጥሙን የሚጽፍ ልጅ ስትፈልጉ በአብነት ትምህርት ያለፉትን ጠይቁ። ቅኔ የቀመሰ ልጅ ቤት መምታት አያስቸግረውም፤ ሰምና ወርቅም ካልከለከሉት በቀር በየስንኙ ይከታል። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ግን መድረክ ላይ አይውጣ። ልጁ ራሱ እሺ አይላችሁም፣ ቢልም አትቀበሉት።

ርዝመቱ አንድ ሰዓት ይሁን። ሦስት ደቂቃ የሚሆኑ ስምንት ዘፈኖች 24 ደቂቃ ይወስዳሉ። ለንግግሩ 36 ደቂቃ ቀረ ማለት ነው። ድርሰቱን ቁጭ ብላችሁ ጮክ ብላችሁ በሰዓት አንብቡት። ካለፈ ቁረጡ። ጸሐፊው ያኮርፋል፣ ይለምደዋል።

ሙዚቃው ላይ ጊዜ አትቆጥቡ

የሙዚቃ ኃላፊው ኪቦርድ የሚጫወት መምህር ወይም ጆሮ ያለው ተማሪ ሊሆን ይችላል። ሥራው መጫወት ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ ዘፈን ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚወጣበትን የድምፅ ስብስብ፣ ይመርጣል። አራቱ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። ዕውቅ ዘፈን ወስዳችሁ ግጥሙን አትቀይሩበት፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ነገር አለ። ደግሞም ልጆቹ በቅኝቱ ላይ ራሳቸው ዜማ ሲያወጡ ይበልጥ ይወዱታል። ለጀማሪ ትዝታ ላይ እንዲሞክሩ እመክራለሁ። አንቺሆዬ ጆሮ ይፈልጋል።

አሁን ብዙዎች የሚሰናከሉበት ቦታ ላይ ደረስን፤ ቃና ማስማማት። ዋሽንት አይቃኝም። ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ በቃ፣ ድምፁ ያው ነው። ለዚህ ነው የዋሽንት ተጫዋች ረጅምና አጭር ብዙ ዋሽንት ይዞ የሚዞረው። ማሲንቆ ግን ጭራዋ አንድ ናት፤ መቃኛዋን ጠምዘዝ አድርጎ ዘፋኙ ጋ ማምጣት ይቻላል። ክራርም እንደዚያው ነው፣ ክሩ ስለሚበዛ ጊዜ ይወስዳል እንጂ። ኪቦርዱ ደግሞ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ አለው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዘፋኟን ያለ መሣሪያ አዘፍኑ። ጉሮሮዋ ሳይጨነቅ የምትዘፍንበትን የድምፅ ቁመት በኪቦርዱ ፈልጋችሁ ጻፉ። ከዚያ ዋሽንተኛው ካሉት ውስጥ ለዚያ የሚቀርበውን ይምረጥ። ዋሽንቱ ትንሽ ከፍ ካለ ዘፋኟና ኪቦርዱ ወደ እሱ ይውጡ። ማሲንቆና ክራር መጨረሻ ይቃኙ። በተመረጠው ዋሽንት ላይ በፕላስተር «ዘፈን 4» ብላችሁ ለጥፉ። እኛ ይህን ሳናደርግ ቀርተን ዋሽንተኛው በጨለማ ሌላ አንስቶ ምንትዋብ የፍቅር ዘፈኗን በሁለት አገር ቋንቋ የዘፈነች አስመስሏታል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የ9ኛ ክፍል ወንድ ልጅ ኅዳር ላይ የዘፈነበት ድምፅ ሚያዝያ ላይ ላይኖር ይችላል። ሲጎረምስ ይሰበራል። ከፋሲካ በኋላ የሁሉንም ወንዶች ድምፅ እንደገና ለኩ፤ የዘፈኑን ቁመት ማውረድ ካስፈለገ አውርዱት። ልጁን «ምን ሆንክ?» እያላችሁ አታሳፍሩት።

ከተቻለ አንድ እውነተኛ አዝማሪ ለሁለት ቅዳሜ ጋብዙ። ጎንደር ዙሪያ ቡርቧክስ የሚባል የአዝማሪዎች መንደር አለ፤ ከተማ ውስጥም ሰው በሰው ይገኛሉ። ልጆቹ «ተቀበል!» ሲባል እንዴት ስንኝ እንደሚያዝ፣ ሲሰጥም እንዴት እንደሚሰጥ ከእሱ ይማሩ። ታሪኩን የሚተርከውን ገጸ ባሕርይ አዝማሪ አድርጉት፤ ትዕይንት በሚቀየርበት ጨለማ ውስጥ እሱ እየዘፈነ ዕቃ ታወጣላችሁ። ለእንግዳው ግን ክፍያውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በልመናና በምስጋና ወረቀት አትሸኙት። ሙያው ነው፣ እንጀራው ነው።

የውዝዋዜ አሰልጣኟ ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት መድረኩን በሜትር ትለካ። ስድስት ልጆች ሜዳ ላይ አምሮላቸው መድረክ ላይ በክርን ሲደቃቀሱ ማየት ያሳዝናል። የመድረኩን ስፋት ሜዳው ላይ በኖራ አሥምሩና እዚያው ውስጥ ይለማመዱ። ሌላው የእሷ ሙያ ነው፣ አልገባበትም።

የመድረክ አስተባባሪዋን በጥንቃቄ ምረጡ

ከአንድ ሰው በቀር ሁሉንም መቀየር ትችላላችሁ ብባል የማስቀረው እሷን ነው። የመድረክ አስተባባሪ ልምምዱ ላይ ከአዘጋጁ ጎን ትቀመጣለች፣ ትርኢቱ ቀን ግን አዘጋጁን ጨምሮ ሁሉንም ታዛለች። መጋረጃው ሲከፈት የአዘጋጁ ሥራ አልቋል፤ ሄዶ ወንበር ላይ ይቀመጥ።

ማንን ልምረጥ ካላችሁኝ፣ በክፍል ውስጥ የረባሽ ስም ጽፋ ለመምህር የምትሰጠዋን ልጅ። ማንም የማይወዳትን። እሷ ሰዓት ታከብራለች፣ አታዳላም፣ እስክሪብቶዋ አይጠፋም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለችው ልጅ በሦስተኛው ሳምንት የሁሉ ተወዳጅ ሆናለች፤ ምክንያቱም ማንም «እኔ መች ነው የምገባው?» ብሎ መጨነቅ አቆመ።

መሣሪያዋ ደብተር ነው። ድርሰቱን በአንድ በኩል ትለጥፋለች፣ በትይዩው ገጽ በእርሳስ ትጽፋለች። በእርሳስ የሚባለው ስለሚቀየር ነው። ከእኛ ደብተር አንዱ እንዲህ ይላል፦

«ትዕይንት 3። እናት ‹ማነው በሩ ላይ?› ስትል፣ ባካፋ በግራ። በትር፣ አኮፋዳ፣ በርኖሱ ተገልብጦ። መብራት ቢጫ ብቻ። ዋሽንት አጭሩ። ሳል ሁለቴ፣ ከዚያ ይወድቃል። ምንትዋብ ውሃውን ይዛ በቀኝ፣ ቅል፣ ኩባያ አይደለም!»

የመጨረሻዋ ቃለ አጋኖ የመጣችው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቋራ ውስጥ የፕላስቲክ ኩባያ ከታየ በኋላ ነው።

ትእዛዟ ሁለት ቃል ነው። ነገሩ ሊሆን ግማሽ ደቂቃ ሲቀረው «ተዘጋጅ» ትላለች፣ ሰዓቱ ሲደርስ «አሁን»። በመሃል ሌላ ቃል የለም። መብራትና ድምፅ ላይ ያሉት ልጆች ራቅ ካሉ የስልክ ባትሪ ላይ ቀይ ወረቀት ሸፍና ታሳያቸው፦ ሲበራ ተዘጋጅ፣ ሲጠፋ አሁን።

በሥሯ ዕቃ ያዥ ይኑር። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፉ፣ እያንዳንዱን ዕቃ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን በማርከር አሥምሩ፣ ስሙን ጻፉበት። ቅሉ የሌለበት የቅል ቅርጽ ባዶውን ከታየ ቅሉ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ትርኢቱ ሳይጀመር ታዩታላችሁ። ገንቦና ጀበና ከፈለጋችሁ የሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ወለቃ ቅርብ ነው። ከቤት የተዋሳችሁት ሁሉ ታቹ ላይ የባለቤቱ ስም ይለጠፍ።

ቁልፍ! የስቶሩ፣ የአዳራሹ፣ የመብራት ሳጥኑ። ሁለት ሁለት ቅጂ፣ አንዱ አስተባባሪዋ አንገት ላይ፣ አንዱ ዘበኛው ጋ። ጋሼን እንደ ቡድኑ አባል ቁጠሯቸው፤ ስማቸው በፕሮግራም ወረቀቱ ላይ ይውጣ።

ልብስ፣ በአጭሩ

አልባሳት ላይ ያሉት ልጆች ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተው የግድግዳውን ሥዕል ይመልከቱ። የካባው አጣጣል፣ የቀለሙ አጠማመር እዚያ አለ። ከዚያ ቤት ያለ ኩታና ጥልፍ ቀሚስ፣ ቅዳሜ ገበያ የሚገኝ ርካሽ ጨርቅ ይበቃል። የቤተ ክርስቲያን ካባና ጥላ አትዋሱ። በጨለማ የሚቀየር ልብስ በመርፌ ቁልፍ ይያያዝ፤ ጥቃቅን ቁልፍ ቆልፎ የሚጨርስ የለም። ፂም ከጥጥ ይሠራል፣ ቆዳ ላይ ግን የጫማ ማስቲሽ የሚባል ነገር እንዳይነካ።

መብራትና ድምፅ

የመድረክ መብራት የለንም ብላችሁ አትዘኑ። አራት የኤልኢዲ ፓውዛ ይበቃል፤ ሁለት ከፊት ግራና ቀኝ፣ ሁለት ከጎን። ፊት ላይ ቀጥ ብሎ ከታች የሚያበራ ሰውን ጅብ ያስመስላል፣ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ባለቀለም ወረቀት ለኤልኢዲው ይሆናል። የድሮው ሃሎጅን ፓውዛ ላይ ግን አታድርጉት፣ ይቀጣጠላል።

ሒሳቡን ሥሩ። በ220 ቮልት 10 አምፔር የሚችል ሶኬት 2200 ዋት ነው። አራት ባለ 500 ዋት ሃሎጅን ብቻቸውን 2000 በሉት። በዚያው ዲቫይደር ላይ ስፒከርና ኪቦርድ ከሰካችሁ ብሬከሩ የሚወርደው ልክ ምንትዋብ አፏን ስትከፍት ነው። ድምፁን ከሌላ መስመር አምጡ፣ ገመዶቹንም ሰው በማይረግጥበት ጠርዝ በፕላስተር ያዙ።

ማይክ ለሁሉም አይዳረስም። ሦስት ባለ መቆሚያ ማይክ መድረኩ ጫፍ ላይ፣ ስፒከሮቹ ከማይኮቹ ፊት ወደ ሕዝቡ ዞረው። ስፒከር ከማይክ ጀርባ ከሆነ ይጮሃል፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። የተቀዳ ድምፅ ካለ በሁለት ፍላሽ ይኑር፣ ፋይሎቹም 01፣ 02 እየተባሉ በተራ ይሰየሙ። ከስልክ አታጫውቱ። አጫውታለሁ ካላችሁም ሲሙን አውጡት። እኛ የንጉሡ ቀብር ላይ የአንዱ ልጅ አጎት ደውለው ነበር፤ ጥሪው በሁለት ትልልቅ ስፒከር ተሰማ።

መብራት ይጠፋል። ይህን እንደ አደጋ ሳይሆን እንደ አንድ ትዕይንት አጥኑት። ጄኔሬተር ካለ ከሁለት ቀን በፊት ነዳጅ ሞልታችሁ ግማሽ ሰዓት አስነሡት። ከሌለም ከበሮ፣ ማሲንቆና ዋሽንት መብራት አይጠይቁም። እያንዳንዱን ዘፈን ቢያንስ አንድ ጊዜ ያለ ማይክ፣ ያለ ኪቦርድ ተለማመዱ። ጠፋ ሲባል አዝማሪው ተራኪ ወደ ፊት ይውጣ፣ አራት ልጆች ከጎን በቻርጅ የሚሠራ ባትሪ ያብሩለት። አንድ ዓመት ሰው ሁሉ ያወራው ስለዚያች አሥር ደቂቃ ነበር።

የመጨረሻው ሳምንት

ሰኞ ተዋናይ አይጠራም። አስተባባሪዋ፣ መብራት፣ ድምፅ፣ መጋረጃና ዕቃ ያዥ ብቻቸውን ደብተሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሂዱበት። አሰልቺ ነው። ግን ረቡዕ ተዋንያን ሲመጡ የኋላው ሰው አይደናገርም። ረቡዕ ያለ ማቋረጥ፣ ሐሙስ በሙሉ ልብስ። ሐሙስ ላይ አዘጋጁ «ቁም!» ማለት አይፈቀድለትም፤ ስህተቱን ይጻፍና ሲያልቅ ያንብብ። ቆሎና ውሃ አይጉደል፣ የራበው ልጅ ቃል አይዝም።

ለአዳራሹ ስድስት አስተናጋጅ ይመደብ፤ ሁለት በር ላይ፣ ሁለት ወንበር የሚያሳዩ፣ ሁለት ሕፃናት ወደ መድረክ እንዳይወጡ የሚጠብቁ። የክብር እንግዳ ንግግር ካለ ከመጋረጃው መከፈት በፊት አምስት ደቂቃ ተብሎ ይነገራቸው። ሰዓቱን የምትይዘው አስተባባሪዋ ናት። ተዋንያን ልብስ ለብሰው፣ ፂም ለጥፈው፣ የንግግር ሩብ ሰዓት ሲጠብቁ ላቡ ፂሙን ያረግፈዋል።

ትርኢቱ ሲያልቅ ማንም ወደ ፎቶ አይሩጥ። ዕቃ ያዡ ጠረጴዛው ጋ ይቁም፣ እያንዳንዱ ቅርጽ ላይ ዕቃው ሲመለስ ምልክት ያድርግ። የተዋሳችሁት ሞሰብና ጀበና ማግስቱን ለየባለቤቱ ይድረስ፣ ከትንሽ ቡና ጋር ቢሆን ደስ ይላል። የአስተባባሪዋ ደብተር ቤተ መጻሕፍት ይግባ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ልጅ ከየትኛውም ሥልጠና ይሻለዋል። ዘውዱን ስቶር አስገቡና ቆልፉ። ከዚያ ቁልፉን ለጋሼ መልሱላቸው፣ ሲቀበሉም አስፈርሟቸው።